ይግባኝ ለሕያው ነው



«ወታደር ትእዛዝ መፈጸም እንጂ ይግባኝ ማለት ምኑ ነው?» የሚል አነጋገር በየክርክሩ ይሰማል። ይህን የሚሉት ሰዎች ክፉዎች አይደሉም፤ ከመካከላቸው ሕግ የተማሩም፣ አገራቸውን ከልብ የሚወዱም አሉ። ሙግታቸው ባጭሩ ይህ ነው። ሠራዊት የሚቆመው በመታዘዝ ነው፤ መታዘዝ የሚጸናው በቅጣት ነው፤ ቅጣት የሚያስፈራው ሳይውል ሳያድር ሲፈጸም ነው፤ ስለዚህ ለአለቃው ባለመታዘዝ በጦር ፍርድ ቤት የተፈረደበት ወታደር ወደ በላይ ዳኛ አቤት እያለ ቀን የሚገዛ ከሆነ፣ ጦር መሆኑ ቀርቶ ገበያ ይሆናል። እኛ የመጀመሪያዎቹን ሁለት ነጥቦች ያለ ክርክር እንቀበላለን። ሦስተኛውን አንቀበልም፤ መደምደሚያውንማ ፈጽሞ አንቀበልም። ነገርን ከሥሩ ውሃን ከጥሩ እንዲሉ፣ ምክንያታችንን በተፈጸመና በተመዘገበ ነገር ላይ አቁመን እናስረዳለን። ከዚህ በታች የምንጠቅሳቸው ዓመታት እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው፤ የኢትዮጵያ በሆነ ጊዜ ዓ.ም. ብለን እንለያለን።

ሉሲየን ቤርሶ የ33 ዓመት ሰው፣ በፈረንሳይ አገር በቤዛንሶን ከተማ ለፈረስ ኮቴ ብረት እየመታ የሚኖር ባለ እጅ፣ ባለትዳርና የልጅ አባት ነበረ። የመጀመሪያው የዓለም ጦርነት ሲነሣ በ60ኛው የእግረኛ ሬጅመንት ተራ ወታደር ሆኖ ዘመተ። በ1915 በፌብሩዋሪ ወር ብርዱ በበረታ ጊዜ የለበሰው ሱሪ ስስ የሸራ ሱሪ ነበርና፣ እንደ ጓደኞቹ የሱፍ ሱሪ እንዲሰጠው ጠየቀ። የግምጃ ቤቱ ሰው ያወጣለት ሱሪ ከሞተ ወታደር ላይ የተገፈፈ፣ የተቀደደና ደም የደረቀበት ነበረ። ቤርሶ ይህን አልለብስም አለ። መቶ አለቃው ስለ እምቢታው 8 ቀን እስራት ቀጣው። ነገሩ እዚህ ላይ ቢቆም ኖሮ ዛሬ የቤርሶን ስም የሚያውቅ ባልኖረ ነበር።

ነገር ግን የሬጅመንቱ አዛዥ ሌተና ኮሎኔል ኦሩ ለዚህ ቦታ ገና አዲስ ሹም ነበረ። ሬጅመንቱ በዚያው ዓመት በጃንዋሪ ወር በክሩዊ ከደረሰበት ጉዳት በኋላ ብዙ አዳዲስ ምልምሎች ገብተውበት ነበር። አዛዡም እነዚህን ምልምሎች የሚያስደነግጥ ምሳሌ ፈለገ። 8 ቀን እስራት አነሰው። ቤርሶን ልዩ የጦር ፍርድ ቤት ፊት እንዲቀርብ አዘዘ፤ በዚያም ፍርድ ቤት ላይ ራሱ ሰብሳቢ ዳኛ ሆኖ ተቀመጠ። ፌብሩዋሪ 12 ቀን ተፈረደበት፤ ፌብሩዋሪ 13 ቀን በፎንትኑዋ በጥይት ተደበደበ። ፍርዱ ይቅለልለት ብለው አዛዡን የለመኑ ሁለት ጓደኞቹም ልመናው ራሱ ጥፋት ሆኖባቸው በሰሜን አፍሪካ የግዳጅ ሥራ ተፈረደባቸው።

አንባቢ ሆይ፣ ይህ ሁሉ የሆነው በአንድ ሰው ጭካኔ ብቻ ነው ብለህ አትለፈው። ጨካኝ አለቃ በየዘመኑና በየአገሩ አለ። ነገሩን ያስቻለው የሕግ በሮች መዘጋታቸው ነው። በ1914 በኦገስት ወር የፈረንሳይ መንግሥት በጦር ፍርድ ቤት የተፈረደበት ሰው ፍርዱ እንደገና እንዲታይለት የሚያቀርበውን አቤቱታ አገደ። በሴፕቴምበር 1914 ደግሞ ሦስት ዳኞች ብቻ የሚቀመጡባቸው ልዩ የጦር ፍርድ ቤቶች ተቋቋሙ፤ በእነርሱ ዘንድ ረዥም ምርመራ የለም፣ ለተከሳሹ ጠበቃ መከላከያውን የሚያዘጋጅበት በቂ ጊዜ የለም፣ ከፍርዱ በኋላም የሚሄዱበት ሌላ ደጅ የለም። ለሪፐብሊኩ ፕሬዚዳንት የምሕረት ልመና የማቅረቡ መንገድም በእነዚያ ወራት እጅግ ጠበበ። እንግዲህ አዛዡ ከሳሽም፣ ፈራጅም፣ አስፈጻሚም ሆነ። ከሳሹ ዳኛ በሆነበት ችሎት የተከሳሹ መልስ ምን ያደርጋል?

የበላይ ዳኛ ቢኖር ኖሮ ብዙ ምርምር አያስፈልገውም ነበር። ሦስት ጥያቄ ይበቃው ነበር። ጥፋቱ የት ተፈጸመ? ፍርዱን የሰጠው ማን ነው? ቅጣቱስ በየትኛው አንቀጽ ተሰጠ? የፈረንሳይ የጦር ሕግ ትእዛዝ እምቢ ያለን ወታደር በሞት የሚቀጣው እምቢታው በጠላት ፊት የሆነ እንደ ሆነ ነው። ቤርሶ ግን ሱሪውን አልለብስም ያለው ከግንባር ወደ ኋላ፣ በልምምድ ጊዜ ነው። ስለዚህ የሞት ቅጣቱ በራሱ በጦር ሕጉ እንኳ መሠረት አልነበረውም። ይህን ለማወቅ ዓመታት አያስፈልጉም፤ አንድ ሌሊትና አንድ ሕግ የሚያነብ ሰው ይበቃ ነበር። ያ ሌሊት ተከለከለ። የፈረንሳይ የሰበር ፍርድ ቤት ፍርዱን ሽሮ ቤርሶን ንጹሕ ያደረገው ጁላይ 12 ቀን 1922 ነው፤ ይኸውም ሰውየው ከሞተ ከ7 ዓመት ከ5 ወር በኋላ ነው። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ማለት ይህ አይደለምን?

እዚህ ላይ ተቃዋሚዎቻችንን አንድ ነገር እንጠይቃለን። በዚያ ሬጅመንት ውስጥ ትእዛዝ የጣሰው ማን ነው? ቤርሶ የጣሰው ሱሪ ልበስ የሚለውን ትእዛዝ ነው። አዛዡ ግን የጣሰው የአገሩን ሕግ ነው፤ በሞት መቅጣት በማይፈቅድበት ቦታ በሞት ቀጣ። የአነስተኛው አለመታዘዝ በ24 ሰዓት ውስጥ ነፍስ አስከፈለ፤ የትልቁ አለመታዘዝ ግን የሚጠይቀው አልነበረም። እንግዲህ ይግባኝ ማለት ላልታዘዘ ወታደር የሚደረግ ርኅራኄ አይደለም። ይግባኝ ማለት አለቃውም ለሕግ መታዘዝ አለበት ማለት ነው። መታዘዝን የሚወድ ሰው ይግባኝን ሊጠላ አይገባውም፤ መታዘዝ ከታች ጀምሮ እስከ ላይ ካልደረሰ መታዘዝ አይባልምና።

ሁለተኛው ነገር ለእኛ ለተማሪዎችና ለመምህራን ይበልጥ ይቀርባል። ከቤርሶ ሞት አንድ ወር በኋላ፣ ማርች 10 ቀን 1915 ጧት፣ በሻምፓኝ አውራጃ በሱዌን አጠገብ የ336ኛው ሬጅመንት 21ኛ ሻምበል ከምሽጉ ወጥቶ እንዲያጠቃ ታዘዘ። ከዚያ በፊት የተደረጉት ጥቃቶች ከሽፈው የጓደኞቻቸው ሬሳ በሁለቱ ምሽጎች መካከል ወድቆ ነበር። የጠላት የሽቦ አጥር አልተቈረጠም። መንገድ ይከፍታል የተባለው የራሳቸው መድፍም ጥይቱ እያጠረ በራሳቸው ላይ ይወድቅ ነበር። ወታደሮቹ አልወጡም። እንደ ምስክሮች ቃል፣ ጄኔራል ሬቬያክ በዚህ ተቈጥቶ መድፈኛው የራሱን ወገን ምሽግ እንዲመታ አዘዘ፤ የመድፈኛው ኮሎኔል ግን ትእዛዙ በጽሑፍ ይሰጠኝ አለ። በጽሑፍ አልተሰጠም፤ መድፉም አልተተኰሰም።

ይህን ነጥብ እንድታስተውሉልን እንለምናለን። የመድፈኛው ኮሎኔልም ትእዛዝ አልፈጸመም። እርሱ ግን ወረቀት የመጠየቅ ማዕርግ ነበረው። በምሽጉ ውስጥ ያለው ተራ ወታደር ግን «ትእዛዙን በጽሑፍ ስጠኝ» ሊል አይችልም። ለእርሱ የጽሑፉ ምትክ ይግባኙ ነበር፤ ያውም ታግዷል።

ከሻምበሉ 6 አሥር አለቆችና 18 ወታደሮች ተመርጠው ማርች 16 ቀን ፍርድ ቤት ቀረቡ። መላው ሻምበል ሳይወጣ ቀርቶ እነዚህ 24 ብቻ የተመረጡት በምን ሚዛን ነው? ፍርድ ቤቱ ራሱ ሚዛኑን ሳያምንበት አልቀረም፤ 20ውን ለቀቀ። የቀሩትን አራት አሥር አለቆች ግን በሞት ቀጣ፤ እነርሱም ቴኦፊል ሞፓ፣ ሉዊ ለፉሎን፣ ሉዊ ዢራርና ሉሲየን ለሻ ናቸው። በማግሥቱ ማርች 17 ቀን በስዊፕ ተረሸኑ። ከአራቱ አንዱ ቴኦፊል ሞፓ የ40 ዓመት ሰው፣ በማንሽ አውራጃ በለ ሼፍረን መንደር የልጆች አስተማሪ ነበረ።

ሚስቱ ወይዘሮ ብላንሽ ሞፓም አስተማሪ ነበሩ። መንግሥት ለተረሸነ ሰው ሚስት የጦር ሜዳ ሟች ጡረታ አልሰጥም አለ፤ የወንጀለኛ ሚስት የሚለው ስምም ተለጠፈባቸው። እርሳቸው ግን በዚያው ዓመት ለፈረንሳይ የሰብአዊ መብት ሊግ ጽፈው ትግሉን ጀመሩ። በየመንደሩ እየዞሩ ከሻምበሉ የተረፉትን ምስክሮች ፈለጉ፤ ደብዳቤ ጻፉ፤ በስብሰባ ተናገሩ። የሚኒስቴሩና የሰበሩ ደጅ ደጋግሞ መለሳቸው። በመጨረሻ በማርች 1932 በወጣ ሕግ፣ ግማሾቹ ዳኞች የሕግ ሰዎች፣ ግማሾቹ የቀድሞ ዘማቾች የሆኑበት ልዩ ችሎት ተቋቋመ። ይህም ችሎት ማርች 3 ቀን 1934 አራቱን አሥር አለቆች ንጹሓን ናቸው ብሎ ፈረደ። ከእነርሱ የተጠየቀው መሥዋዕትነት የሰው ኃይል ከሚችለው በላይ ነበር አለ። ለቤተ ሰቦቹም የተፈረደው የኅሊና ካሣ ለምልክት ያህል አንድ ፍራንክ ነው። 19 ዓመት ተሟግቶ አንድ ፍራንክ!

የሱዌን ነገር ለሐምፍሪ ኮብ ልብ ወለድ መነሻ ሆነ፤ ከዚያም ስታንሊ ኩብሪክ በ1957 ፊልም አደረገው። ፊልሙ በፈረንሳይ ሲኒማ ቤቶች ሳይታይ እስከ 1975 ቈየ። መንግሥታት የጠላትን መድፍ ከሚፈሩት ይልቅ የራሳቸውን መዝገብ እንደሚፈሩ ከዚህ ይታያል።

አንዳንድ ሰዎች «እንግዲያውስ ፍትሕ በመጨረሻ ደረሰ፤ ምን ትላላችሁ?» ይሉናል። እኛም እንዲህ እንላለን። ለሟቹ አልደረሰም። ከዚያም በላይ፣ ለቤተ ሰቡም የደረሰው በአጋጣሚ ነው። ቴኦፊል ሞፓ ብዕር የያዘች ሚስት ነበረችው። ማመልከቻ መጻፍ የማትችል፣ በከተማ ዘመድ የሌላት፣ የሊጉን አድራሻ የማታውቅ የገበሬ ሚስትስ ባሏ በተረሸነ ጊዜ ምን አደረገች? ስሙን ከመንደሩ የሟቾች ሐውልት ላይ ተፍቆ አይታ ዝም አለች። በፈረንሳይ የጦር ታሪክ ክፍል በ2014 በወጣው ቈጠራ መሠረት በዚያ ጦርነት ትእዛዝ ባለመፈጸም የተረሸኑት 639 ናቸው፤ ንጹሕ መሆናቸው በፍርድ የተነገረላቸው ግን ጥቂቶች ናቸው። ሁሉም በአንድነት ክብራቸው እንዲመለስ የሚል ረቂቅ ሕግ በ2022 በፈረንሳይ ምክር ቤት አልፎ ነበር፤ በ2023 የሕግ መወሰኛው ምክር ቤት ጣለው። እንግዲህ ከመቶ ዓመት በላይ ሆኖታል፤ መዝገቡ ገና አልተዘጋም። ይግባኝ በሰዓቱ ያልተሰማ እንደ ሆነ ዕዳው ለልጅ ልጅ ይተላለፋል።

አሁን ወደ ሙግቶቹ እንመለስ።

አንደኛው ሙግት «ጦርነት አይጠብቅም» የሚለው ነው። ጦርነት እንደማይጠብቅ እናውቃለን። ነገር ግን እስረኛ ይጠብቃል። ቤርሶ በእስር ላይ ነበረ፤ 8 ቀን ቢቈይ፣ አንድ ወር ቢቈይ በግንባሩ ላይ የሚጐድል ነገር አልነበረም። አራቱ አሥር አለቆችም ታስረው ነበር። የሚቸኵለው ጦርነቱ ሳይሆን አዛዡ ነው፤ የሚቸኵለውም ፍርዱ ቢመረመር የማይቆም መሆኑን ስለሚያውቅ ነው።

ሁለተኛው ሙግት «ይግባኝ ከተፈቀደ ሠራዊቱ ይፈርሳል» የሚለው ነው። ይህን ታሪክ ራሱ ፈትኖታል። በ1916 በኤፕሪል ወር የፈረንሳይ ምክር ቤቶች ልዩ የጦር ፍርድ ቤቶችን በሕግ ሻሩ፤ በዚያው ዓመት ሞት የተፈረደበት ወታደር ፍርዱ እንደገና እንዲታይለት የማመልከት መብቱ ተመለሰለት። ያ ዓመት ምን ዓመት ነበር? የቬርደን ዓመት ነው። ከፌብሩዋሪ እስከ ዲሴምበር የፈረንሳይ ጦር በታሪኩ ካያቸው ውጊያዎች ሁሉ የከፋው ይካሄድ ነበር። ይግባኙ ተመለሰ፤ ቬርደንም አልወደቀ። እንዲያውም ከተረሸኑት የሚበዙት የሞቱት ይግባኝ በሌለባቸው በ1914ና በ1915 ነው።

በ1917 በብዙ ክፍለ ጦሮች ውስጥ ወታደሮች ወደ ጥቃት አንወጣም ብለው አመፁ። ያን ጊዜ ይግባኙ ለጥቂት ሳምንታት እንደገና ታግዶ እንደ ነበረ አንደብቅም። ከ500 በላይ የሞት ፍርድም ተሰጠ። ነገር ግን ከእነዚህ የሚበዙት በፕሬዚዳንቱ ተለውጠው የተረሸኑት 30 ያህል ብቻ ናቸው። ጦሩንም ወደ ሥርዐት የመለሰው ጄኔራል ፔታን ጥይት ብቻ አልቈጠረም፤ የወታደሩን የዕረፍት ፈቃድና ምግብ አሻሻለ፣ ውጤት የሌለውን ጥቃት አቆመ። ይኸውም የወታደሩ አቤቱታ እውነት ነበረው ብሎ በተግባር መመስከር ነው።

የሌሎችንም አገሮች እንይ። የአውስትራልያ የ1903 የመከላከያ ሕግ የሞት ፍርድ በአገረ ገዢው ሳይጸድቅ እንዳይፈጸም ያዝዝ ነበር። በዚያ ጦርነት ከ100 በላይ አውስትራልያውያን ወታደሮች ሞት ተፈረደባቸው፤ አንድም አልተረሸነም። ይህ ጦር ፈረሰ ወይ? በ1918 በምዕራቡ ግንባር ጠላትን ከሰበሩት ግንባር ቀደሞች አንዱ ነበረ። በአንጻሩ የኢጣልያ ጦር በጄኔራል ካዶርና ሥር በጽኑ ጭካኔ ይገዛ ነበር፤ በጦርነቱ ውስጥ 750 ያህል ወታደሮች በፍርድ ተረሽነዋል። ይህም በ1917 በኦክቶበር ወር በካፖሬቶ ከመፍረስ አላዳነውም፤ ከ250,000 በላይ ወታደር ተማረከበት። ካፖሬቶ የሆነው በመረሸን ብዛት ብቻ ነው አንልም፤ ብዙ ምክንያት አለው። ግን መረሸን ሠራዊትን ያጸናል የሚል ሰው ይህን አስረድቶ ይለፍ።

እንግሊዞችም በዚያ ጦርነት 346 ሰዎች ረሽነዋል። በዚያ ጊዜ በእንግሊዝ አገር ከጦር ፍርድ ቤት ወደ በላይ የሚሄድ የይግባኝ ፍርድ ቤት አልነበረም። እንዲህ ያለው ፍርድ ቤት የተቋቋመው በ1951 በወጣ ሕግ ነው። አሜሪካኖችም ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት የጦር ፍርድ ቤቶች ብዙ ቅሬታ ከሰሙ በኋላ በ1950 አዲስ የጦር ሕግ አውጥተው፣ ሲቪሎች የሚዳኙበት የወታደራዊ ይግባኝ ፍርድ ቤት አቋቋሙ። ሁለቱም ፍርድ ቤቶች ሥራ የጀመሩት የኮርያ ጦርነት በሚካሄድበት ጊዜ ነው። ጦርነት ላይ ሆኖ ይግባኝ መፍቀድ የማይቻል ቢሆን ኖሮ እነዚህ ባልሞከሩት ነበር።

ከእንግሊዞቹ ነገር ሌላም ትምህርት አለ። በ2006 በወጣ ሕግ ከ346ቱ ለ306ቱ ምሕረት ተደረገላቸው። ሕጉ ግን ምሕረቱ ፍርዱንና ቅጣቱን አይነካም ይላል። በምሕረትና በይግባኝ መካከል ያለው ልዩነት ይህ ነው። ምሕረት «አጥፍተሃል፤ ትቼልሃለሁ» ይላል። ይግባኝ ግን «በርግጥ አጥፍቷልን?» ብሎ ይጠይቃል። ወታደሩ የሚለምነው ከጌታ የሚጣል ፍርፋሪ አይደለም፤ እንደ ሰው እንዲጠየቅለት ነው።

ሦስተኛው ሙግት «ወታደር ምሏል፤ እንደ ሲቪል አይቈጠርም» የሚለው ነው። መሐላው ይከበር፤ እኛም የምንለው ይህንኑ ነው። ወታደር ነፍሱን ለአገሩ ለመስጠት ይምላል እንጂ ነፍሱን ለአንድ አለቃ ቍጣ ለመስጠት አይምልም። ከሲቪል የበለጠ ግዴታ የተጫነበት ሰው ከሲቪል ያነሰ ፍርድ ይበቃዋል ማለት የዕዳውን ደብተር ገልብጦ ማንበብ ነው። ሌባ እንኳ አንድ ላም ሰርቆ ሲፈረድበት ይግባኝ ይላል። ሊሞትልን የወጣው ሰው ከላም ሌባ ያንሳልን?

እኛ ወታደር ትእዛዝ እምቢ ባለ ቍጥር ትክክል ነው አላልንም። ዘቡን ትቶ የሸሸ፣ በፍርሀቱ ጓደኞቹን ያስጨረሰ ወታደር ይቀጣ፤ ቅጣቱም ይክበድ። ይግባኝ ሰሚው ፍርዱ ትክክል ሆኖ ሲያገኘው ያጸናዋል፤ የጸናም ፍርድ ከአዛዥ ቍጣ የበለጠ ይከበራል። በሻምበሉ ፊት የቆመ ወታደር «ይህ ሰው በሕግ ተፈረደበት» ሲልና «ይህን ሰው አዛዡ ጠላው» ሲል ልቡ አንድ ዓይነት አይሆንም።

ይህ ነገር ለኢትዮጵያውያን እንግዳ አይደለም። በአገራችን መንገደኛው እንኳ «በሕግ አምላክ!» ሲባል ይቆማል። ባላገሩ በምስለኔው ፍርድ ካልረካ ወደ ወረዳ፣ ከወረዳ ወደ አውራጃ፣ እስከ ዙፋን ችሎት ድረስ አቤት ይል ነበር፤ ስንቁን ተሸክሞ ስንት ቀን በእግሩ የሚሄደው ከአንድ ዳኛ በላይ ሌላ ዳኛ አለ ብሎ ስለሚያምን ነው። ይህ እምነት በኃይል በተረገጠበት ጊዜ የሆነውንም እናውቃለን። ኅዳር 14 ቀን 1967 ዓ.ም. ሌሊት 60 ያህል ሰዎች፣ ከእነርሱም ብዙዎቹ የጦር መኰንኖች፣ ያለ አንዳች ፍርድ በአዲስ አበባ ተገደሉ። ይግባኝ ይቅርና ክስ እንኳ አልተነበበላቸውም። ከዚያ በኋላ በአገሪቱ የወረደውን መዓት መዘርዘር አያስፈልግም። ይግባኝ የሌለበት ቅጣት በጦር ሰፈር ተጀምሮ በጦር ሰፈር አይቀርም።

ዛሬ ሕጉ በወረቀት ላይ መልካም ነው። የ1987 ዓ.ም. ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 20 ንኡስ አንቀጽ 6 የተከሰሰ ሰው ሁሉ በተሰጠበት ፍርድ ላይ ሥልጣን ላለው ፍርድ ቤት ይግባኝ የማለት መብት አለው ይላል፤ ወታደርን ለይቶ አላስቀረም። የመከላከያ ሠራዊት ሕጎችም ቀዳሚና ይግባኝ ሰሚ ወታደራዊ ፍርድ ቤቶችን አቋቍመዋል። ኢትዮጵያ በ1993 የተቀበለችው የሲቪልና የፖለቲካ መብቶች ቃል ኪዳንም በአንቀጽ 14 ይህንኑ ያዛል። ነገር ግን የፈረንሳይም ሕግ እስከ ኦገስት 1914 ድረስ በወረቀት ላይ መልካም ነበረ። በአንድ ወር ውስጥ በድንጋጌ ታገደ። መብት የሚፈተነው በሰላም ቀን አይደለም።

ስለዚህ ይግባኝ የሚለው ቃል መጻፉ ብቻ አይበቃንም። ይግባኝ በእውነት ይግባኝ የሚሆነው አራት ነገር ሲሟላለት ነው። ይግባኙ ተሰምቶ እስኪያልቅ ድረስ የማይመለስ ቅጣት መፈጸም የለበትም፤ የተረሸነ ሰው ይግባኙን አሸንፎም አይነሣምና። ይግባኙን የሚሰማው ዳኛ ከፈራጁ አዛዥ ትእዛዝ የማይቀበል፣ ሹመቱም በእርሱ እጅ ያልሆነ መሆን አለበት። ተከሳሹ ጠበቃና ጠበቃው የሚያስብበት ቀን ያስፈልገዋል። የችሎቱም ቃል መጻፍ አለበት፤ ያልተጻፈ ፍርድ ሊመረመር አይችልም። ከእነዚህ አንዱ የጐደለ እንደ ሆነ የቀረው ለጌጥ ነው። ቤርሶ ከእነዚህ ብዙውን አጣ።

በዚህስ የተማሪ ድርሻ ምንድን ነው? በየፍርድ ቤቱ አጥር ሥር ተቀምጦ ለማያነብበው ሰው ማመልከቻ የሚጽፈውን ራፖር ጸሐፊ ሁላችን አይተናል። የእርሱ ሥራ የተናቀ ይመስላል፤ ነገር ግን በብዕሩ ጫፍ ላይ የሰው ኑሮ ይንጠለጠላል። ወይዘሮ ብላንሽ ሞፓም ያደረጉት ሌላ አይደለም፤ የመንደር አስተማሪ ሆነው በተማሩት ፊደል 19 ዓመት ማመልከቻ ጻፉ። በ1962 ሲሞቱ የባላቸው ስም ታድሶ ነበር። አንዲት የገጠር አስተማሪ ይህን ካደረጉ፣ የሕግ ፋኩልቲ ያለው፣ ቤተ መጻሕፍት ያለው፣ የማባዣ መሣሪያ ያለው የተማሪ ማኅበር ምንም ማድረግ አልችልም ሊል አይገባውም።

የሕግ ተማሪዎች ሆይ፣ የወታደራዊ ፍርድ ቤቶችን ሕግ የፈተና ቀን ብቻ ሳይሆን ዛሬ አንብቡ፤ ለዘማች ቤተ ሰብ በሚገባ ቋንቋ ጽፋችሁ አድሉ። የታሪክ መምህራን ሆይ፣ ቬርደንን ስታስተምሩ ሱዌንንም አስተምሩ። የክርክር ክበቡም በዚህ ጉዳይ መድረክ ይክፈትልን፤ ተቃዋሚዎቻችን ይምጡ፣ እንሟገት፣ ብንረታም እንረታ።

እስከዚያው ግን ቃላችን ይህ ነው። ወታደሩ ለእኛ ሲል ሞትን ይጠብቃል። እኛ ደግሞ ለእርሱ ሲል ሕግን እንጠብቅ። ይግባኙም በመቃብሩ ላይ ሳይሆን በሕይወቱ ሳለ ይሰማ።